ባዶ ነው የተባለው ቤት

የቡሬ የድሮ ገበያ መንገድ መፍረስ የነበረበት ከጥምቀት በፊት ነው። ታቦት ሳይገባ የሰው ቤት አይፈርስም ተባለና ለቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ለሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተቀጠረ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ የመጀመሪያውን ግድግዳ ጣለ። አንድ ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር ወንዳወቅ፣ ቶሎ ይድረሱ» አለኝ ሳጅን ይታገሱ። «ከፍርስራሹ ሥር ሰው ወጥቷል። ሕዝቡ የማሽኑን ኦፕሬተር ሊገድለው ነው።»

የተወለድኩበት መንገድ ነው። ልጅ ሆኜ ከላይ ከአስፋልቱ እስከ ታች እስከ ገበያው ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ዓይኔን ገልጬም ጠፋብኝ። በሮች ተነቅለዋል፤ ቆርቆሮ ወርዶ ተደርድሯል፤ በየግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥርና መስቀለኛ ምልክት ተጽፏል። የላይኛው ብሎክ ሰዎች ምትክ ቦታ ተረክበው ሄደዋል፤ የዚያን ቀን የሚፈርሰውም የእነሱ ቤት ነው። የቀሩት የታችኛው ብሎክ ዘጠኝ አባወራዎች ነበሩ። እነሱም ያልሄዱት ወደው አይደለም። ምትክ ቦታ በዕጣ የሚወጣው ብሎኩ ሙሉ በሙሉ ሲፈርም ነው፤ ከዘጠኙ አንዱ ደግሞ አልፈርምም ብሎ አምስት ወር አስቆጥሯል።

ያ አንዱ ሰው ፊቴ ተኝቶ ነበር።

የኔታ ገብረሰንበት ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። እዚያ መንገድ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ሀሁ ያለው በእሳቸው አለንጋ ሥር ነው፤ እኔም ጭምር። የኖሩት አሥራ አራት ቁጥር ቤት ነበር። የተገኙት ግን በአሥራ ሁለት ቁጥር፣ በላይኛው ብሎክ መጨረሻ፣ ባለቤቱ ለቆት በሄደው ባዶ ቤት ግድግዳ ሥር ነው።

«እሱ ነው! ይሄ ነው ገዳዩ!» እያለ የሚጮኸው ቴዎፍሎስ ነበር፤ የእህል ነጋዴና የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ፣ ከዘጠኙ አባወራዎችም አንዱ። ጣቱ የሚጠቁመው በሁለት ፖሊሶች መሐል ወደሚንቀጠቀጠው ወጣት ነው።

«የኔታ እዚህ ቤት ምን ሊሠሩ ገቡ?» አልኩት።

«እንጨት ሊለቅሙ ይሆናላ። ሽማግሌ እኮ ናቸው ወንድሜ፣ ማን ይቆጣጠራቸዋል።»

የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አምጥተው፣ እንደ ሐዘን ወጉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። እህቴ ፍሬሕይወትም መሐላቸው ቆማለች፤ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ወላጆቻችን ቤት፣ የምትኖረው እሷ ናት። ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ጊዜ ሐዘኑ ነው አልኩ። ድንገት ሬሳ ሲወጣ የሚሰማው ኡኡታ አለመኖሩም አልከነከነኝም።

አጎንብሼ አስከሬኑን አየሁ። የኔታ ላይ የወደቀው ጭቃና ጭድ ከወገባቸው በላይ ነው። እግራቸው በገዛ ጋቢያቸው ተጠቅልሏል። ጋቢውን ገለጥ አደረግኩት። ሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ተገጥመው በነጭ የጥጥ ፈትል ታስረዋል።

ጋቢውን ወደ ቦታው መልሼ ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ። ግድግዳ ሰው ይገድላል እንጂ አይገንዝም።

*

ዶክተር ሜላት የሆስፒታሉ ሐኪም ናት። ነገር ማድበስበስ አታውቅም።

«ግድግዳው የወደቀው ሬሳ ላይ ነው» አለችኝ። «አፋቸውም ጉሮሯቸውም ውስጥ አቧራ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ያን ሁሉ አቧራ ሳይስብ አይቀርም። የሞቱት ትናንት ምሽት ነው።»

«ምን ገደላቸው?»

«ጭንቅላታቸው ከኋላ ከጠጣር ነገር ጋር ተጋጭቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግን…» አለችና ጓንቷን አወለቀች። «ወዲያው አልሞቱም። እንደኔ ግምት ሦስት አራት ሰዓት ያህል ቆይተዋል።»

«ወደዚህ ቢመጡ ይተርፉ ነበር?»

«ቢያንስ እንሞክር ነበር። ሆስፒታሉ እኮ ከዚያ መንገድ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።»

ይህን በጽሑፍ ስጪኝ አልኳት። ሙሉው ምርመራ ከባሕር ዳር እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል አለች። እኔ ደግሞ ሳምንታት አልነበረኝም። ኦፕሬተሩ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም ረቡዕ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እጄ ላይ ያለው ፋይል የሚለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግድግዳ ጣለ፣ ሰው ሞተ። ሌላ ሰው ካላገኘሁ ልጁ ወደ ወህኒ ይወርዳል።

*

እንዳለው ይባላል። የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ። ማረፊያ ቤት ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቻለሁ» አለኝ። «በእናቴ ስም! ወርጄ ልይ ስል ሰውዬው 'ባዶ ነው፣ እኔ ራሴ አይቸዋለሁ' አለኝ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያ ገዳይ ነው እያለ የሚጮኸው።»

«ቴዎፍሎስ?»

«ስሙን አላውቀውም። ከዚህ ጀምር ያለኝም እሱ ነው። በፕላኑ መጀመር የነበረብኝ ከላይ ከአስፋልቱ ዳር ነው። 'እዚያ ያልወጣ ዕቃ አለ፣ ከአሥራ ሁለት ቁጥር ጀምር' አለኝ። እኔ ለሰው ዕቃ አዝኜ እሺ አልኩ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጋሼ፣ ሰው ገድያለሁ እንዴ?»

አልገደልክም ማለት ፈልጌ ነበር። እስካረጋግጥ ምንም አላልኩትም። አሁን ሳስበው ያኔ ብነግረው ምን ነበረበት እላለሁ።

*

ከሰዓት በኋላ ይታገሱ የስምንቱን ቤት ሰዎች ቃል ተቀብሎ መጣ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸው።

«ይሄን ይመልከቱልኝ፣ ኢንስፔክተር። ሁሉም 'ከሚካኤል ተመልሰን በጊዜ ተኛን' ነው የሚሉት።»

«እና?»

«ቃል በቃል ነው እኮ። ስምንቱም።»

አነበብኳቸው። የኔታ ፊት ተሰልፈው ፊደል የሚቆጥሩ ይመስላል። ስምንተኛው ወረቀት የእህቴ ነበር።

አመሻሹ ላይ ወደ እሷ ሄድኩ። በበሩ ጎን ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ባሏ ከሄደ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በእሷ ነው። ራት አቀረበችልኝ። እሷ አልነካችውም።

«ትናንት ማታ ደውለሽልኝ ነበር» አልኳት። «የበዓሉ ጥበቃ ግምገማ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማሁትም። ለምን ነበር?»

«ለምንም አይደል። ራት ትመጣ እንደሁ ብዬ ነው።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ልጁ ይፈታል?»

«የትኛው ልጅ?»

«ባለማሽኑ።»

«ሌላ ሰው ካላገኘሁ አይፈታም።»

«እናቱ በሕይወት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለች አልኳት። ራቴን ጨርሼ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። እህቴ ሁልጊዜ ለሰው ታዝናለች፤ ያንን ነበር የማውቀው።

*

የታሰሩት ጣቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሩኝ። መገነዝ የሚያውቅ፣ የኔታንም የሚጠላ ሰው ማን ነው? ይታገሱ ወዲያው አንድ ስም አመጣ። ዲያቆን ክንፈሚካኤል ከየኔታ ጋር በተማሪዎች ማደሪያ ጉዳይ ተጣልቶ፣ ባለፈው ኅዳር በአደባባይ «አጥንትዎ እዚሁ ይቅር» ብሏቸው ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ደግሞ ቡሬ የለም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ ያዝነው። በሁለት እጁ የጸበል ጀሪካን አንጠልጥሏል።

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ግሽ ዓባይ። ለጻድቁ ዘርዓ ብሩክ በዓል ከማኅበራችን ጋር ነው የሄድነው። እሑድ በስድስት ሰዓት ነው ከዚህ የተነሳነው፤ አሥራ አራት ሰዎች ነን።» አሥራ አራቱም ከኋላው እየወረዱ ነበር። አንዷ ባልቴት፣ «ምነው፣ ልጁን ጸበል ይዞ ሳለ!» ብላ ተቆጣችኝ።

የኔታ መሞታቸውን ስነግረው ጀሪካኑን አስቀመጠና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። «ይቅርታ ሳልጠይቃቸው!» አለ። እንዲህ ያለ ፊት አስመስሎ ማምጣት አይቻልም።

የእግራቸውን ፎቶ አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎ አስተዋለው።

«ይሄ የእኛ እጅ አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ቶሎ የሚፈታ አስተሳሰር ነው፤ ሴቶች ናቸው እንዲህ የሚያስሩት። በእናንተ ሰፈር ሬሳ የሚገንዘው ማን ነው?»

መልሱን እያወቅኩት ከሰኞ ጀምሮ ራሴን አልጠየቅኩም ነበር። እትዬ ሀብትነሽ ናቸው። አሥራ አምስት ቁጥር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንገዱን ሬሳ ያጠቡ፣ የገነዙ። የእናቴን ዓይን የከደኑትም እሳቸው ናቸው።

*

እትዬ ሀብትነሽ ደጃቸው ላይ፣ ያልተጫነ ዕቃ መሐል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ የኔታን የገነዙት እርስዎ ነዎት?»

«መቼ? ሆስፒታል ወሰዳችኋቸው እኮ ልጄ። ማን አስነካኝ።»

«ግድግዳው ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ኸቤቴ። ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስሸክፍ ነበርሁ። 'ሰው ወጣ!' ሲባል ነው ነጠላየን አዘቅዝቄ የሮጥሁት።»

«እሑድ ማታስ?»

«ኸሚካኤል ተመልሰን በጊዜ ተኛን።»

ያው ዓረፍተ ነገር። እያዩኝ ነው የተናገሩት። ዓይናቸው ግን እኔን አልፎ አሥራ አራት ቁጥርን ነበር የሚያየው። ፈትል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥጥ በየቤቱ አለ። ልጁ ፍርድ ቤት ሊቀርብ የቀረው አንድ ሌሊት ነው።

*

ህይወት የፕሮጀክቱ ሳይት መሐንዲስ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ፈጣን ልጅ። ቴዎፍሎስ የሥራውን መጀመሪያ ለምን እንዳስቀየረ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት።

«እኔም እንዳለውን ተቆጥቼዋለሁ» አለችኝ። «ፕላኑ እንዲያ አልነበረም። ላይ ዕቃ አለ ተባልኩ አለኝ፤ ሄጄ ሳይ ምንም የለም።»

«ቦታው ላይ ነበርሽ?»

«አዎ፤ እየቀረጽኩ። እያንዳንዱን ቤት ከመፍረሱ በፊት በቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ክርክር እንዳይመጣ።»

ስልኳን ተቀበልኩ። ቪዲዮው የሚጀምረው አንድ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ቁጥር ገና ቆሟል። ማሽኑ ጥሩምባ ይነፋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቴዎፍሎስ እጁን ያውለበልባል። ካሜራው ዞር ሲል ዳር ላይ የተሰበሰበው ሰው ይታያል። ከፊት የቆሙት እትዬ ሀብትነሽ ናቸው።

ቪዲዮውን አስቆምኩት።

ጓዳ ውስጥ አልነበሩም። በማግስተ ቃና ዘገሊላ፣ ሰው ሁሉ የበዓል ልብሱን ሳያወልቅ፣ ሰው መሞቱ ባልታወቀበት ሰዓት፣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው። ግድግዳው የወደቀው ከዚያ በኋላ ሰባት ደቂቃ ቆይቶ ነው።

እኚያ ሴት ቆመው የሚያዩት የቤት መፍረስ አልነበረም፤ ቀብር ላይ ነበሩ።

ስነሳ ህይወት «ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር አለ» አለችኝ። ከመሳቢያዋ ደብዳቤ አወጣች። «የኔታ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሰው ስለግቢያቸው የሚከራከሩ ይመስለው ነበር እንጂ አንድም ቀን ስለራሳቸው ቤት ጠይቀውኝ አያውቁም። 'በዕጣ ስትበትኗቸው አንዱ ወደ ሽንዲ መውጫ፣ አንዱ ወደ ፍኖተ ሰላም መውጫ ይጣላል። ሲሞቱ ማን ይቀብራቸዋል? ዘጠኛችንንም አንድ ላይ አስፍሩን፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ' ነበር የሚሉት። ሳይፈቀድ ለሰፈሩ እንዳልነግር አስምለውኛል፤ ባዶ ተስፋ አልሰጣቸውም ብለው።»

«ተፈቀደ?»

«ዓርብ፣ ለከተራ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ገባ። ዘጠኙም በአንድ ረድፍ። ሰኞ ጠዋት ልሰጣቸው ይዤው ነበር የመጣሁት።»

*

ለእትዬ ሀብትነሽ ቪዲዮውን አላሳየኋቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ዘጠኙን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። የራሳቸው ስም አራተኛ ነበር።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ድምፁ ግን በነጠላው ውስጥ አልፎ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ያልተሰማው ኡኡታ ማክሰኞ ማታ ተሰማ።

«አልነገሩንም እኮ!» አሉ። «ምነው ቢነግሩን! ምነው አንድ ቃል ቢሉን!»

«ምን አደረጋችሁ፣ እትዬ?»

«ልመና ነው የገባነው፣ ልጄ። ኸሚካኤል መልስ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ድንጋይ ተሸክመን። ይፈርሙልን፣ ክረምት ሳይመጣ ጎጆ እንቀልስ ብለን እግራቸው ሥር ወደቅን። 'ጥቂት ታገሡኝ' አሉ። እስከ መቼ? 'ጥቂት።' ሌላ ቃል የለም። ቴዎፍሎስ ደሙ ፈላ። 'ትፈርማለህ!' አላቸው። የኔታን አንተ አላቸው! እጃቸውን ይዞ ሳበ፤ ነጠቁት፤ ገፋቸው። የመደቡ ጠርዝ ድንጋይ ነው። ተቀበላቸው።»

«ያኔ ሞቱ?»

«ያኔ ቢሞቱማ ምን ነበረ።»

ነጠላቸውን ማፍተልተል ያዙ። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ በአንድ በኩል ተመዝዞ ጎድሏል።

«ይተነፍሱ ነበር። ቴዎፍሎስ በሩ ላይ ቆመ። 'ኸዳኑ ሁላችንም እስር ቤት ነን፤ ቦታውም የለም፤ ሰው አይጠራም' አለ። እሺ ያለ የለም። እምቢ ያለም የለም። ተቀመጥን። እንደ ማኅበርተኛ ግድግዳውን ተደግፈን፣ እየተያየን፣ እስኪያልፉ ጠበቅን። ሦስት ሰዓት ሲሆን አለፉ።»

የተማርንበት ክፍል ነው። ያ መደብ የኔታ ተቀምጠው ያስተማሩን መደብ ነው።

«ወንዶቹ ጎህ ሳይቀድ ወደ ባዶው ቤት ሊወስዷቸው ሲሉ፣ ጸሎት ላድርስ፣ ተዉኝ ብየ ለብቻየ ቀረሁ። ሳይገነዙ እንዴት ይሂዱ? ኸነጠላየ ፈትል መዝዤ አሰርሁላቸው። በጋቢ ሸፈንሁት። ጠዋትም አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሳይለቀስላቸው ግድግዳ ይጫናቸው?»

«ሌሎቹ እነማን ነበሩ?»

«እኔ የራሴን ነው የምናገር። ሌላውን አንተ ፈልገው፤ ሥራህ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ አስተያየት የታዘነለት ሰው እኔ ነበርኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

*

ቴዎፍሎስን እህል መጋዘኑ ውስጥ ያዝነው። አልሮጠም። «ስለሰፈሩ ብዬ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ጠበቃ ካልመጣ አልናገርም ብሎ አፉን ዘጋ።

ረቡዕ ጠዋት እንዳለው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተለቀቀ። እናቱ ከዱርቤቴ መጥታ ደጅ ቆማ ነበር። እጄን ልትስም ስትታገለኝ አፈርኩ። ወደ ቢሮ ተመለስኩ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ይታገሱ ቪዲዮውን ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ገልብጦት ነበር። ለፋይሉ ሰዓቱን ላጣራ ብዬ ከፈትኩት። በትልቁ ስክሪን ላይ ከእትዬ ሀብትነሽ ኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ማጣራቱን ትቼ ነጠላዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። አብዛኞቹ እንደ ወትሮው ነው የተለበሱት። አንዲት ሴት፣ አሥራ ስምንት ቁጥር፣ አዘቅዝቃለች። ከመብራት እንጨቱ አጠገብ ፊቷን አዙራ የቆመች ሌላም ሴት አዘቅዝቃለች። ማሽኑ ሲጮኽ ዞር አለች።

ፍሬሕይወት ናት።

ቪዲዮውን አራት ጊዜ አየሁት። አራት ጊዜም ዞር አለች።

ይታገሱን አስከትዬ ሄድኩ። ሱቋን ዘግታ፣ ደብተሮቹን በካርቶን አሽጋ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ሳጅኑን ስታይ ተነሳች።

«ግባ፣ ጋሼ» አለችኝ።

አልገባሁም። «እሑድ ማታ ለምን ደወልሽልኝ?»

ካርቶኑን ተደገፈች። «ውሃ ጠየቁ» አለች። «እኔ ነኝ ያጠጣኋቸው። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ። 'የማን ልጅ ነሽ?' አሉኝ። የወንዳወቅ እህት ነኝ አልኳቸው። 'እሱን ጥሪልኝ' አሉኝ።»

ከመንገዱ ላይኛው በኩል ማሽኑ እንደገና ሥራ ጀምሮ ነበር። መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል።

«ጓሮ ወጥቼ ደወልኩልህ። ብዙ ጠራ። ከዚያ ቴዎፍሎስ ከኋላዬ መጣ፤ ዘጋሁት። መልሰህ ትደውላለህ ብዬ ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ብትደውልልኝ እነግርህ ነበር፣ ጋሼ። በሩ ላይ ቢቆምም እነግርህ ነበር። ሌላ ሰው ግን አልጠራሁም። እኔ ራሴም አልጮኽኩም። ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ዘመዴ ስለሆነች ቃሏን መቀበል አልችልም። ይታገሱን ጠርቼ መዝግብ አልኩት። እሱ እየጠየቀ፣ እሷ እየመለሰች፣ እኔ አባቴ የተከለው በር መቃን ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ቀዩ ቁጥር ትከሻዬ አጠገብ ነበር።

ሲጨርስ ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። «ይሄንንም ከማስረጃው ጋር አስገባው። እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአርባ።»

ይታገሱ አየው፤ እኔንም አየኝ። «ጥሪው ያልተነሳበትን ምክንያት ምን ልበል? ግምገማ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም?»

ስልኩ ያን ምሽት ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ ነበር። ሲበራ ስሟን አንብቤ፣ የራት ነገር ነው ብዬ፣ በግንባሩ ደፍቼዋለሁ።

«አይቶ አላነሳም ብለህ ጻፍ» አልኩት።

ጻፈው።